«ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» ስላለኝ ልጄና ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

አናጺው፣ ከኮዬ ፈጬ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን ከሕንፃችን ብዙም በማትርቅ አነስተኛ ቤት የእንጨት ሥራ እሠራለሁ። ጥያቄዬ ስለ 17 ዓመት ልጄ ቢሆንም ሌሎች ወላጆችም ሳይጨነቁበት እንደማይቀሩ ስለማስብ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ የልጁን ሱሪ ሳፋ ውስጥ ነክራ ስታሽ አንድ ጠንከር ያለ ነገር እጇን ነካት። አውጥታ ብታየው የማርከር ቁመት ያለው፣ ውኃ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ አንዱ ጫፉ እንደ ፉጨት መንፊያ ጠፍጠፍ ያለ፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ያለው ዕቃ ነው። ፍላሽ መስሏት ተበላሸበት ብላ ደንግጣ ወደ እኔ አመጣችው። ሳሸተው ከሰሙና ውኃ በላይ ጎልቶ የበሰለ ማንጎ ሽታ ይሸታል። ከጀርባው «5%» የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

ልጄ ሲጋራ አያጨስም፤ ይህን የምለው አባቱ ስለሆንኩ አይደለም። አጎቱ ቤታችን መጥቶ በረንዳ ላይ ሲጋራ ሲለኩስ መስኮት የሚዘጋው እሱ ነው። እኔ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ስቆርጥ ደግሞ «ማስክህን አድርግ፣ ሰጋቱራው ሳንባህ ውስጥ ይገባል» እያለ የሚቆጣኝም እሱ ነው። ይህ ልጅ ዕቃውን ፊቱ ሳስቀምጥለት ሳይደነግጥና ሳይዋሽ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው፤ እሱም 5 በመቶ ብቻ ነው» አለኝ። ዋሽቶኝ ቢሆን ኖሮ የምቆጣበት ምክንያት አገኝ ነበር። እሱ ግን የሚናገረውን ከልቡ አምኖበታል፤ ስለ ሳንባ አባቱን የሚመክር ልጅ ማንጎ ማንጎ የሚሸት ነገር በቀን ስንት ጊዜ ወደ ሳንባው እየሳበ ምንም ችግር የለውም ብሎ ያምናል። መልስ አጥቼ ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይህን ነገር ለምን ይጀምራል? የሚጠቀሙበት ሰዎችስ ጉዳቱን በምን ሚዛን ይመዝኑታል? ውስጡ ያለው ነገርስ በእርግጥ ምንድን ነው? የሞከራችሁት ካላችሁ በተለይ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ፤ የሚነቅፋችሁ ሰው ቢኖር ጥያቄው የእኔ ስለሆነ እኔ እከራከርላችኋለሁ።

ሹፌር፣ ከገላን

ወንድሜ፣ የሞከሩት ይናገሩ ስላሉ የራሴን ልንገርዎ። እኔ ከ20 ዓመቴ ጀምሮ ለ18 ዓመት ያህል ሲጋራ አጭሻለሁ። የምሠራው ከጅቡቲ ጭነት በሚያመላልስ ከባድ መኪና ላይ ስለሆነ በረሃውን የማልፈው በሲጋራና በቡና ነበር፤ በቀን አንድ ፓኮ እጨርስ ነበር፣ ሌሊት ስነዳ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳልስል አፌን መታጠብ እንኳ አልችልም ነበር። ልጄ የእኔን ሳል እየሰማች ነው ለትምህርት ቤት የምትነሣው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዱባይ የሚሠራ ጓደኛዬ ይህን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አምጥቶ ሰጠኝ። ሲጋራን በቁርጥ ለመተው ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኝ ነበር፤ በዚህ ግን ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሲጋራ ጠላሁ። የጠዋቱ ሳል ከወር በኋላ ጠፋ። ጎማ ስቀይር ትንፋሽ አያጥረኝም፣ የምግብ ጣዕምም ተመልሶልኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ያው ነው፣ ከሲጋራ አይሻልም» ቢለኝ አላምነውም፤ ያየሁት በራሴ ደረት ነው።

ነገር ግን የሚከተለውን ሳልናገር ባልፍ እርስዎንም ልጅዎንም እበድላለሁ። ሲጋራ ሲለኮስ መጨረሻ አለው፤ ያልቃል፣ ይጣላል፣ ሌላ እስኪለኮስ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ለማጨስ መኪና አቁሜ እወርድ ነበር፤ ቤት ውስጥም ስለማላጨስ ወደ ውጭ መውጣት ነበረብኝ። ይህኛው ግን ከመሪው ላይ እጄን ሳላነሣ ማለት ይቻላል ይሳባል፣ ሽታው ስለማያስታውቅ መኝታ ቤትም ይገባል። ጋላፊ ድንበር ላይ ተራ ስጠብቅ አንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደምስብ ልቆጥር ሞከርኩ፤ 60 ላይ ስደርስ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም ነበር። አሁን አሁን ሌሊት ነቅቼ ትራሴ ሥር እጄን እየላክሁ የምፈልገው እሱን ነው፤ በሲጋራ ጊዜ እንኳ ለማጨስ ብዬ ከእንቅልፍ ነቅቼ አላውቅም። ሲጋራን ትቻለሁ፣ ኒኮቲኑ ግን ከበፊቱ ይልቅ አጥብቆ ይዞኛል።

በነገራችን ላይ ሚሌ ላይ ምሳ በልቼ ስመለስ ከመስተዋቱ ሥር የተውኩት አንዱ ዕቃ በፀሐይ ግሎ፣ ሆዱ አብጦ፣ ፕላስቲኩ ተላቆ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ስይዘው እሰጋለሁ፤ ልጅዎ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበር ስላሉ ነው ይህን ማንሣቴ።

አንድ ያልገባኝ ነገርም አለ። ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ቡና አልስማማ ብሎኛል፤ ድሮ ሦስት ሲኒ ጠጥቼ እተኛ የነበርኩ ሰው ዛሬ ሁለተኛው ላይ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፌም ይጠፋል። የሚያውቅ ሰው ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ፋርማሲስቷ፣ ከቱሉ ዲምቱ

አባትየውንም ሹፌሩንም ስለ ግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ። በምሠራበት መድኃኒት ቤት ይህ ጥያቄ አዘውትሮ የሚመጣው ከወላጆች በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በቅድሚያ ልጁ «ጭስ አይደለም» ማለቱ በከፊል ትክክል መሆኑን መቀበል ይገባል፤ ይህን ክደን ብንነሣ ቀጥሎ የምንነግረውን አይሰማንም። ሲጋራን ይህን ያህል ገዳይ የሚያደርገው ትምባሆው መቃጠሉ ነው፤ ከቃጠሎው ሬንጅ መሰል ዝቃጭ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ከ7,000 በላይ ውህዶች ይወጣሉ፣ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ ቃጠሎ የለም። ባትሪው አንዲት ትንሽ የማሞቂያ ሽቦ ያግላል፣ ሽቦዋ በፈሳሽ የራሰ ጥጥ ውስጥ ስላለች ፈሳሹ ወደ ጉምነት ይለወጣል። የሹፌሩ የጠዋት ሳል የጠፋው በዚህ ምክንያት ስለሆነ በደረቱ ያየው ነገር እውነት ነው።

«እንፋሎት» የሚለው ቃል ግን ያሳስታል፤ እንፋሎት ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ከጀበና የሚወጣው ውኃ ነውና። ፈሳሹ ውኃ ሳይሆን ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ሁለት ውህዶች፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ነው። ሲግል፣ በተለይም ጥጡ ደርቆ ሽቦዋ ከመጠን በላይ ስትሞቅ፣ ፎርማልዲሃይድና መሰሎቹ ይፈጠራሉ። አባትየው፣ ኤምዲኤፍ ሲቆርጡ ዓይንዎን ለሚቆረቁርዎት ነገር አንዱ ምክንያት ይኸው ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ሰሌዳው የሚጣበቅበት ሙጫ ውስጥ አለ። ስለዚህ ልጅዎ ማስክ አድርግ ብሎ የሚቆጣዎት ስለዚሁ ስለሚስበው ነገር መሆኑን ቢነግሩት ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ከሽቦዋ ደግሞ ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ የሚባሉ ብረቶች በጥቂቱ እየረገፉ ከጉሙ ጋር ይሳባሉ። ማጣፈጫዎቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ለምግብ የተፈቀዱ ናቸው፤ ለሆድ የተፈቀደ ግን ለሳንባ ተፈቀደ ማለት አይደለም። በቅቤ ጣዕሙ የሚታወቀው ዳያሲቲል ሲበሉት ጉዳት የሌለው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ትነቱን ለረጅም ጊዜ በመተንፈሳቸው የማይመለስ የሳንባ ጠባሳ ይዟቸዋል።

አሁን ወደ 5 በመቶው ልምጣ፤ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ልጁ 5 በመቶ ሲል ከመቶ አምስት ብቻ፣ ማለትም ጥቂት፣ ማለቱ ነው። 5 በመቶ ማለት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ20 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የልጅዎ ዕቃ ከዚያ ጣሪያ ሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። አንድ ሲጋራ ለአጫሹ የሚያደርሰው ኒኮቲን 1 ሚሊ ግራም ወይም ጥቂት አለፍ ያለ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የዛሬዎቹ ፈሳሾች ኒኮቲኑን ከአሲድ ጋር ያዋሕዱታል፤ ጨው ይሆንና ጉሮሮ አይቆነጥጥም። የመጀመሪያው ሲጋራ አስሎና አስጠልቶ ብዙ ልጆችን ይመልስ ነበር፤ ይህኛው ማንጎ እየሸተተ በቀላሉ ይገባል፣ በ20 ሰከንድ ገደማ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ተሠርቶ የሚያልቀው እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ በመሆኑ የ17 ዓመት ልጅ ከአባቱ ይልቅ በፍጥነት ሱስ ይይዘዋል፤ ትኩረቱና ጠባዩም ይነካል።

«ጉዳቱ ምን ያህል ነው» ሲባል እኔ መልሼ የምጠይቀው «ከምን ጋር ሲነጻጸር» ብዬ ነው። ሹፌሩ የሚያነጻጽረው በቀን ከ20 ሲጋራ ጋር ነውና አትርፏል። እንግሊዝ አገር በ886 አጫሾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው 18 በመቶዎቹ፣ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶዎቹ ከዓመት በኋላ ሲጋራ ትተው እንደነበር አሳይቷል። ሆኖም በዚያው ጥናት በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተዉት መካከል 80 በመቶዎቹ ዓመቱ ሲሞላ ዕቃውን ገና እየሳቡ ነበር፤ በማስቲካና በፕላስተር ከተዉት ዘንድ ይህ 9 በመቶ ብቻ ነው። ሹፌሩ ትራሱ ሥር የሚፈልገው ነገር እንግዲህ በእሱ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የእርስዎ ልጅ ግን የሚያነጻጽረው ከንጹሕ አየር ጋር መሆን አለበት፤ ሲጋራ አጭሶ ስለማያውቅ በዚህ ዕቃ የሚቀንስለት ጉዳት የለም፣ የሚጨመርለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የጎልማሶች ጥናት መሠረት በአገራችን ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 ጎልማሳ 5 ያህሉ ነው፤ ስለዚህ «አጫሾችን ያድናል» የሚለው የውጭ አገር ክርክር ሲጋራ ነክቶ በማያውቅ የኮንዶሚኒየም ልጅ አፍ ሲደገም ስሰማ አዝናለሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም፣ ማከፋፈልም፣ መሸጥም ከልክሏል፤ ሺሻና ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም በዚሁ ክልከላ ሥር ናቸው። ይህም ማለት እጃችን የሚገባው ሁሉ በኮንትሮባንድ ወይም በሻንጣ የመጣ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ውስጡ ስለመኖሩ ማንም ያልመረመረው ነው። ያልተመረመረ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ አሜሪካውያን አይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ 2,807 ሰዎች በድንገተኛ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብተው 68ቱ ሞተዋል። ዋነኛው ምክንያት ከመንገድ ላይ ተገዝቶ በዚሁ ዓይነት ዕቃ በሚሳብ የካናቢስ (ሐሺሽ) ዘይት ውስጥ የተቀየጠ የቫይታሚን ኢ ውህድ ነበር፤ ገዢዎቹ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበራቸውም።

ተማሪ፣ ከየካ አባዶ

ጋሼ፣ «ለምን ይጀምራል» ለሚለው ጥያቄዎ መልስ ያለኝ ይመስለኛል፤ እኔ 21 ዓመቴ ነው፣ እኛ ቬፕ የምንለውን ይህንኑ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከአንድ ዓመት በላይ ስቤ ትቻለሁ።

የጀመርኩት ጓደኛችን ቤት ልደት ላይ ነው። አንድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ደረሰኝ፤ ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል። ያዞረኝ ነበር፣ ግን ደስ የሚል ማዞር ነበር። ሴት ልጅ ሲጋራ ይዛ ብትታይ ሰፈሩ ሁሉ ስም ያወጣላታል፤ ቬፕ ስትስብ ግን የሚያያት ሰው ምን እንደያዘች እንኳ አያውቅም። ልብስ ላይ አይቀርም፣ አፍ አይሸትም፣ ቲክቶክ ላይ የሚያምር ቪዲዮ ይሠራበታል። እናቴ እሑድ ቡና አፍልታ ዕጣን ስታጤስ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ስቤ ከዕጣኑ ጋር አስወጣው ነበር። እሷ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ዓመት ሙሉ ምንም አላወቀችም። ስለዚህ እኛን ወደዚህ ያመጣን ኒኮቲን ፍለጋ አይደለም፤ ኒኮቲን የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ ማንኛችንም አላነሣነውም። ያመጣን ነገሩ የማያስይዝ መሆኑና ሁሉም ሲይዝ ባዶ እጅን መቀመጥ ማስጠላቱ ነው።

ጉዳቱን እንዴት ታዩት ነበር ላሉት፣ እኛ ጉዳት ስንል የሳንባ ካንሰርን ነው የምናስበው፤ ካንሰር ደግሞ የሽማግሌ በሽታ ነው ብለን ስለምናምን ከመተዋችን በፊት የሚደርስብን አይመስለንም ነበር። «ስፈልግ እተወዋለሁ» የማይል ጓደኛ አልነበረኝም። እኔን የደረሰብኝ ግን ሌላ ነው። የሁለት ሰዓት ፈተና ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እጄ ይርበተበታል፣ ጥያቄውን ሁለት ሦስት ጊዜ እያነበብኩ አይገባኝም። ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ስጠይቅ ፈታኙ አልፈቀደልኝም፤ ወረቀቱን ግማሽ ባዶውን ሰጥቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አምስት ጊዜ ስስብ ሐሳቤ ተሰበሰበና ያልሠራኋቸው ጥያቄዎች መልስ አንድ በአንድ ታወሰኝ። እዚያ በሩ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ያን ዕለት ነው ነገሩን እንዳልተረዳሁት የገባኝ።

ስተወው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን እጅግ ከባድ ነበር፤ ራስ ምታት፣ ንጭንጭ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ። አፌ ሥራ እንዲይዝ ኪሴን ቆሎ ሞልቼ እንቀሳቀስ ነበር፣ ውኃም በብዛት እጠጣ ነበር። ሦስት ሳምንት ሲሆን ቀለለኝ። የሚዞርበት ቤት ላለመሄድ ስል ግን ሁለት ጓደኞቼን አጥቻለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው፣ ጋሼ። ልጅዎ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሚስብባቸውን ጓደኞቹንም እንዲተው እየጠየቁት ሊሆን ስለሚችል እባክዎ ይህን አስቡለት።

እናት፣ ከለገጣፎ

ሁላችሁም በትሕትና ጽፋችኋል፣ እኔ ግን አልስማማም። ሺሻ ወደ ሰፈራችን ሲገባም «ውኃው ያጣራዋል» ተብሎ ነበር፤ ውኃው ምንም እንዳላጣራ ያወቅነው ልጆቻችን ከገቡበት በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ባለሙያዋ «ከሲጋራ ይሻላል» ስትል ልጆች ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የሚይዙት «ይሻላል» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በቬፕ ጀምሮ ዛሬ ሲጋራውንም ይዟል። አባትየው፣ የሚሸጠውን ሰው ፈልገው ለፖሊስ ይጠቁሙ፤ ከልጁ ጋር መነጋገሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፋርማሲስቷ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እኅቴ፣ ሻጩን መጠቆሙ ተገቢ ነው፤ ሺሻውን ያነሡትም በትክክል ነው፣ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራም። «ይሻላል» የሚለው ቃል ልጆች ጆሮ ሲደርስ የሚያደርገውንም አውቃለሁ፣ ስለዚህም ልጆች ባሉበት አልጠቀምበትም። ነገር ግን ለሹፌሩ «ያው ነው» ብለው ቢነግሩት ነገ ወደ ፓኮው ይመለሳል፤ 18 ዓመት ያጨሰን ሰው ወደዚያ መመለስ ደግሞ ትልቅ በደል ነው። የጎረቤትዎን ልጅ በተመለከተ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከሁሉም የከፋው ነው። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ በቀን 20 ከማጨስ ከሚመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም ሥጋት ግማሽ ያህሉን ስለሚሸከም ሲጋራውን ቀነስኩ ብሎ ልቡን አላዳነም።

አናጺው፣ ከኮዬ ፈጬ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ሦስት ጊዜ አንብቤ ከልጄ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ተነጋገርኩ። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጬ መጠየቁን ትቼ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩት፤ ለደንበኛ የምሠራው ቁም ሣጥን ነበርና ሰሌዳውን በአንድ ጫፍ እሱ ይዞልኝ እኔ ቆረጥኩ። ማስክ አድርጎ ነበር፣ እኔም አድርጌ ነበር። ሰጋቱራው ሲበተን ዓይኑን ሲያሽ «ይህ የሚቆረቁርህ ነገር ከዕቃህም ይወጣል» አልኩት። ማስኩን አውርዶ «ማን ነገረህ?» አለ። ስልኬን ሰጠሁትና የጻፋችሁትን ራሱ አነበበ። የ5 በመቶው ስሌት ላይ ሲደርስ ካልኩሌተር ከፍቶ ሠራው፤ ሁለት ጊዜ ሠራው።

ከዚያ በኋላ የነገረኝ ነገር ግን እኔ ካሰብኩት የራቀ ነበር። ከመሐል ከተማ ወደ ኮዬ ስንዛወር አብረውት ያደጉትን ልጆች በሙሉ ትቶ መጥቷል። እኔ የራሴን ደንበኞች ማጣት ሳስብ የእሱን አላሰብኩም። አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር፤ መጀመሪያ ጠርተው አጠገባቸው ያስቀመጡት ልጆች ይህ ዕቃ በእጃቸው ነበር። አንቺ የየካ አባዶዋ፣ ስለ ጓደኞችሽ የጻፍሽውን ልጄ ሲያነብ ዝም ብሎ ቆየና «እሷ እውነቷን ነው» አለ። አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ድሮ ሰፈራችን ኳስ ሊጫወት እንዲሄድ፣ የታክሲውን እኔ ልሸፍን ተስማምተናል።

እተወዋለሁ ብሏል፣ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት እኅቱን ያለ ምክንያት ጮኸባት፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቃት። እናቱ ቆሎ ቆልታለታለች። ሁለት ነገር እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ፤ ዕቃውን የት ልጣለው? ሌሊት እንቅልፍ ስላጣ ደግሞ ሹፌሩ እንዳሉት ቡና ልከልክለው ወይ?

ፋርማሲስቷ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ዕቃውን ከቆሻሻ ጋር እንዳይጥሉት፣ በምንም ዓይነት እንዳያቃጥሉት፤ በውስጡ የሊቲየም ባትሪ አለ፣ እርስዎም ጋ የሚቀጣጠል ሰጋቱራና ቲነር አለ። ውኃም ስለገባበት ቻርጅ ሊደረግ አይገባም። ፈሳሹ ሕፃን ቢውጠው ሊመርዘው ስለሚችል ታናናሾቹ በማይደርሱበት ቦታ አሸዋ በያዘ የብረት ጣሳ ውስጥ ያኑሩትና የተበላሹ የሞባይል ባትሪዎችን ለሚሰበስቡ ሰዎች ያስረክቡት።

ቡናውን በተመለከተ የሹፌሩና የልጅዎ ነገር ይለያያል። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ውህዶች ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጉታል፤ ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ሹፌሩ ማጨስ ሲያቆም ጉበቱ ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ስለተመለሰ ያው ሲኒ ቡና ደሙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ የቡናውን መጠን ወደ ግማሽ ያውርዱት፣ የልብ ምቱ ካልተስተካከለ ሐኪም ይዩ። ኒኮቲኑንም ለመተው ሲወስኑ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ያካተታቸው እንደ ኒኮቲን ማስቲካ፣ ፕላስተርና ቫሬኒክሊን የሚባል ክኒን ያሉ ሕክምናዎች ስላሉ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ልጅዎ ጭስ ስቦ ስለማያውቅ ይህ ለውጥ በእሱ ላይ አይደርስም፤ እንቅልፍ የነሣው የኒኮቲኑ መቅረት ነው። የጠዋቱን ቡና አይከልክሉት፣ ከምሳ በኋላ ግን ይቅርበት። ነገ ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሥራ ቦታዎ ያቆዩት፣ እጁ የሚይዘው ነገር ይስጡት። ከአንድ ወር በኋላም ንጭንጩና መከፋቱ ካልለቀቀው አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ስለሚሰጥ ሳያፍሩ ይውሰዱት።